ለሳንቲሟ ብዬ ኤፒዳውሮስ ሄድኩ

እንደ ሁሉም ሰው ኤፒዳውሮስ፣ ግሪክ ውስጥ ያለው ጥንታዊ ቲያትር፣ የሄድኩት ለሳንቲሟ ነው፣ መሀል ሜዳ ላይ ሳንቲም ሲጣል መጨረሻ ረድፍ ላይ ይሰማል የሚሉት ነገር አለ አይደል። ከአቴንስ በአውቶብስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እንደደረስኩ በቀጥታ ሽቅብ፣ በሙሉ 55 ረድፍ ነው፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ጫፍ ወጥቼ ዘጭ አልኩ።

ታች ያለው ኦርኬስትራ (ያኔ ሙዚቀኛ ሳይሆን እየዘፈነ የሚጨፍረው ቡድን ቦታ ነው) ድፍን ክብ ነው፣ ስፋቱ 20 ሜትር አካባቢ፣ እምብርቱ ላይ አንድ ክብ ድንጋይ አለ፣ ቱሪስቱ ተራ ይዞ እሱ ላይ እየቆመ ያጨበጭባል ወረቀት ይቀድዳል ሳንቲም ይጥላል። አንዷ ስትጥል የሆነ ቅጭል ያለ ነገር ሰማሁ፣ ግን እያየኋት ስለነበር ጆሮዬ ይስማው አይኔ ይስማው እንጃ። በኋላ ሳነብ ለካ እ.ኤ.አ በ2017 የሆላንድ ተመራማሪዎች ለክተውታል፣ ድምጿ ላይ ድረስ ቢደርስም ሳንቲም መሆኗ የሚለየው እስከ ግማሽ ድረስ ነው፣ ሹክሹክታ ደሞ ከፊት ወንበሮች አያልፍም። ጮክ ብሎ የሚናገር ተዋናይ ግን እስከ መጨረሻው ይሰማል፣ እሱ በቂ አይደለም እንዴ?

ደሞ ቦታው ዝም ብሎ መዝናኛ አልነበረም፣ አስክሊፒዮስ የሚባለው የህክምና አምላክ መቅደስ አካል ነው። በሽተኛው ከየአገሩ መጥቶ አምላኩ በህልሜ ይፈውሰኛል ብሎ አባቶን የሚባል ቤት ውስጥ ይተኛል። ቲያትሩ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፣ ጥንታዊው ተጓዥ ፓውሳኒያስ ሠሪው ፖሊክሊቶስ ነው ብሎ ጽፏል። ወንበሮቹን ተራራው ጎን ላይ ደረደሯቸው፣ ተሸካሚው ተራራው ራሱ ነው በቃ። ከታች 34 ረድፍ፣ ከላይ 21፣ የላይኛው ቆይቶ የተጨመረ ነው ይላሉ። ሮማውያን ሌላ ቦታ ኦርኬስትራውን እየቆረጡ ግማሽ ክብ ሲያደርጉት ይሄኛው ተረፈ፣ ከዛ አፈር በልቶት እ.ኤ.አ በ1881 ካቫዲያስ የሚባል የግሪክ አርኪዮሎጂስት ቆፍሮ እስኪያወጣው ድረስ ተቀበረ።

እኔን የገረመኝ ግን ወንበሩ ነው። የድንጋዩ ፊት ከስር ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ተጠርቧል፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ በፊቴ ሊያልፍ ሲል ሳላስበው እግሬን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ፣ ተረከዜ ልክክ ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፣ እነሱም አለፉ።