ከኮረም የተላለፉት ሰባት ደቂቃዎች

ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ካለችው ከኮረም ከተማ ያስተላለፈውን የጋዜጠኛውን የማይክል በርክን የረሃብ ዘገባ ሰሞኑን እንደገና ተመለከትሁት። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ገና ሲጀምር ጎሕ ሲቀድ በሜዳው ላይ የሚታየውን መከራ «መጽሐፍ ቅዱሳዊ ረሃብ» ብሎ ይጠራዋል። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር፤ ያ ምስል ባይኖር እርዳታው በዚያ ፍጥነት ባልመጣ ነበርና የሁለቱን ውለታ አልክድም። ቅር የምትለኝ ያቺ አንዲት ቃል ናት።

ረሃቡ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ከተባለ ዝናቡን የከለከለው ሰማይ እንጂ የሚጠየቅ ሰው የለም። (በመጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን የግብፅ ረሃብ የታለፈው ዮሴፍ አስቀድሞ እህል በጎተራ ስላከማቸ ነው።) ዝናብ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በትግራይና በሰሜን ወሎ መንግሥትና አማፅያን እየተዋጉ ገበያዎች በአውሮፕላን ይደበደቡ፣ መንገዶች ይዘጉ፣ ነጋዴውም እህል ከተረፈበት ወደ ጠፋበት ማሻገር ይሳነው ነበር። ይህን የተረዳ ተመልካች «ማን አደረገው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያን ያልሰማው ግን አዝኖ ኪሱን ይዳብሳል።

ሌላው ያስተዋልሁት የሚናገረው ማን እንደሆነ ነው። ሁኔታውን የሚያስረዱት ከአውሮፓ የመጡ ሐኪም ሲሆኑ፣ ረሃብተኛው ይታያል እንጂ አይጠየቅም። በሬውን መቼ እንደ ሸጠ፣ የዘሩን እህል ስለ ምን እንደ በላ፣ የትኛው መንገድ እንደ ተዘጋበት ከገበሬው በላይ የሚያውቅ ማን ነበር?

ይህን ስል የአገር ቤቱን መገናኛ ብዙኃን ከወቀሳ ነፃ ማውጣቴ አይደለም። በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስና ሰልፍ ስታከብር፣ የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን በበዓሉ ተጠምደው ነበር። ዝምታውም ምክንያት ነበረው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም ደርግ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጨምሮበት መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዐውደ ዓመቱ ምሽት ለሕዝብ አሳይቶት ነበር፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የውጭ ሰው የቀረጸው ረሃብ ለሥልጣን ምን ያህል እንደሚያሰጋ ከዚህ መንግሥት የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚሄድ ጋዜጠኛ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ፈቃዱም የሚያደርሰው መንግሥት በያዘው መንገድ ዳር ወዳሉት መጠለያዎች እንጂ ወደ ጦርነቱ አልነበረም። የዘገባውን ጉድለት በዘጋቢው ንቀት ብቻ የሚያስረዱ ወገኖቼ ይህን የሚዘነጉት ይመስለኛል፤ ካሜራ የሚያሳየው እንዲገባ የተፈቀደለትን ያህል ነው። በሱዳን በኩል ድንበር አቋርጠው ከአማፅያኑ ጋር በሌሊት እየተጓዙ ሌላውን ገጽታ የቀረጹ ጋዜጠኞችም ነበሩ። የእነርሱ ምስል ግን ከኮረሙ ሜዳ ጎን ሲታይ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።