ንብ ገባልን!

ለእህቴ ልጅ ክርስትና ይደርሳል ብዬ አምፕሊፋየር፣ ድምፅ ማጉያ፣ እየሠራሁ ነበር። በደብረ ብርሃን ብርድ እንግዳ የሚሞቀው ወይ በጠጅ ወይ በጭፈራ ነው። ጠጁን አክስቴ ያዘች፣ ጭፈራውን እኔ።

አምፕሊፋየር ሲሠራ ራስ ምታቱ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የመብራቱን ኃይል አስተካክሎ የሚያቀርብለት ክፍል፣ ነው። የመብራቱን ቮልት የሚያወርድ 18-0-18 ትራንስፎርመር (ከመሐል ሽቦው ወዲያና ወዲህ 18 ቮልት)፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ አራት፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ባለ 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሁለት። ሲወጣ ፕላስና ማይነስ 25 ቮልት ገደማ። ይህ ሁሉ የሚገባው አሮጌ የራዲዮ ሣጥን ውስጥ ነው። ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ የወሰነው እንግዲህ ሣጥኑ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ከድምፅ መግቢያው ጋር ተጣብቆ አረፈ።

እንደበራ ትቼው ሽቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ጎረቤታችን ጋሼ፣ የአንኮበር ሰው ናቸው፣ ነጠላ ተከናንበው ስፒከሩን በኩበት ያጥናሉ። እግራቸው ሥር ባዶ ቀፎ። አክስቴ በር ላይ እልል ትላለች።

«ንብ ገባልን! ሲሳይ ነው!»

የማር ዋጋ ካሳሰባት ሰንብቷል፤ አልፈርድባትም።

«ጋሼ፣ ንብ እኮ አይደለም። የመብራት ድምፅ ነው።»

«ቀስ በል አንተ ልጅ! አውራው እዚህ ውስጥ ነው።»

ድምፁ ደግሞ ቁርጥ ንብ ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ዳዮዶቹ ሁለቱንም ግማሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያቀኑት 100 ይሆናል። ካፓሲተር ቀስ እያለ አይሞላም፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ትልልቅ ጉርሻ ይጎርሳል። ጉርሻው በሚያልፍበት ሽቦ ላይ የድምፁ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት የሚባለው የጋራ መመለሻ) ከታሰረ፣ በቃ፣ ዝዝዝዝ።

ይመኑኝ ብዬ ስልኬን ሰክቼ ማሲንቆ ለቀቅኩ። ወዲያው መብራት ሄደ። ዝዝታው ቀጥ! ማሲንቆው ግን ካፓሲተሩ ውስጥ በቀረው ለአፍታ ቀጠለና እየሟሸሸ ጠፋ።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ። «ጭሱ ያዛቸው።»

እኔ ግን ምርመራዬን በነፃ አገኘሁ። ጉርሻው ሲቆም ዝዝታው ከቆመ፣ ችግሩ ከመብራቱ ወገን ነው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም የጉርሻው መንገድ ነው። በሻማ ብርሃን ሣጥኑን ፈታሁ። ካፓሲተሮቹን መጀመሪያ ፍሰት በሚገታ ሬዚስተር ባዶ አደረግኳቸው፤ ንብ ባይኖርባቸውም ይናደፋሉ። የመግቢያውን ግራውንድ ከትራንስፎርመሩ መሐል ሽቦ ነቅዬ፣ ከስፒከሩ መመለሻ ጋር ከካፓሲተሮቹ ወዲህ አንድ ነጥብ ላይ ሰበሰብኳቸው። የመብራቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ጠመዘዝኳቸው። ትራንስፎርመሩንም ከሣጥኑ አስወጥቼ ለብቻው ጎጆ አወጣሁት።

መብራት መጣ። ጸጥ። ጋሼ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ደግነው ቆዩና ቀፏቸውን አንስተው ሄዱ። አክስቴ አላናገረችኝም። ማታ ግን መሐል ሜዳ ከተማ ላለችው እህቷ ስትደውል ሰማኋት።

«ገብቶልን ነበር እኮ! ይኼ ልጅ በሽቦ አባረረው።»