በር ያለው ባኞ ስፈልግ የነበረውንም አወጣሁት

እናቴ ባለፈው ክረምት ከባኞው ስትወጣ ጠርዙ አደናቅፏት ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን አልተሰበረችም፤ ግን ከዚያ ወዲህ በሳፋ ካልሆነ አልታጠብም አለች። ውጭ አገር ያለችው እህቴ በጎኑ በር ያለው ባኞ ፎቶ ላከችልን፤ በሩን ከፍተው ይገባሉ፣ ተቀምጠው ይዘጋሉ፣ ከዚያ ውሃው ይሞላል። እናቴ አየት አድርጋ «ይኸ የከብት ገንዳ አይደለም እንዴ?» አለች። እኔ ግን ወድጄው ነበር።

ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን መታጠቢያ ክፍሉ 1.50 በ1.80 ሜትር ነው። ባኞው 1.30 በ0.75 ስለሆነ ወለሉ ይበቃዋል። የክፍሉ በር ግን 70 ሳንቲም ነው፤ መቃኑ ካልፈረሰ አይገባም።

ይህንስ ባፈረስኩት። ያስቆመኝ ጀሪካን ነው። ከሮቶው በሚወርደው ውሃ 20 ሊትር ጀሪካን ስሞላ 3 ደቂቃ ፈጀ። ባኞው 200 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት መሆኑ ነው። ባለ 50 ሊትሩ ቦይለር ደግሞ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ለገላ የሚሆን 90 ሊትር ያህል ቢሰጥ ነው። በሩ የሚከፈተው ደግሞ ውሃው ፈስሶ ካለቀ በኋላ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ አሮጊት ራቁቷን ተቀምጣ ውሃ እስኪሞላና እስኪፈስ ትጠብቅ? መብራት ቢጠፋስ?

እናም አሮጌውን ባኞ አውጥተን ወለሉን ከበሩ ጀምሮ ያለ ደረጃ ሜዳ አደረግነው። እዚህ ላይ ተሞኘሁ፤ ግንበኛውን አምኜ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ ሴራሚኩ ተነጥፏል፤ አንድ ባልዲ ውሃ ብደፋ ቀጥ ብሎ ወደ ኮሪደሩ! ተነቅሎ እንደገና ተሠራ፤ አሁን ወደ ማፍሰሻው በሜትር 2 ሳንቲም ይወርዳል። ባልዲው መደፋት ያለበት ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ነበር። ሴራሚኩንም ሻካራውን መረጥኩ፤ ሱቁ ውስጥ በእርጥብ ጫማ ረግጬ ነው የገዛሁት።

እናቴ ስትነሳ የምትይዘው፣ ግድግዳ ላይ የሚታሰረው መያዣ ብረት ሌላ ጣጣ ነበር። ግድግዳው ብሎኬት፣ ውስጡ ባዶ። በፊሸር አስረነው በሙሉ ክብደቴ ብንጠለጠልበት ከነፊሸሩ ተነቅሎ መጣ። እኔ ሆኜ ነው እንጂ እሷ ብትሆን! በሁለተኛው ሙከራ ግድግዳውን አሳልፈን በስተን በስተኋላው ላሜራ አድርገን በብሎን አሰርነው። ከፍታውን በሜትር አልለካሁም፤ እናቴን ከነልብሷ አስቀምጬ ተነሺ አልኳትና እጇ ያረፈበትን በጠመኔ አሰመርኩ። መቀመጫውን 45 ሳንቲም አድርገን በሲሚንቶ ገነባነው። ሲሚንቶ ብርድ መሆኑን አላሰብኩም፤ በርጩማዋን አስገብታ መቀመጫውን የሳሙና ማስቀመጫ አደረገችው።

በሩንም ወደ ውጭ የሚከፈት አድርጌዋለሁ፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር፣ ሰው ከኋላው ከወደቀ አይገፋም።

አንድ የረሳሁት ነገር የልብስ መስቀያ ነው። በሁለተኛው ቀን ስገባ ያ የተለፋበት ብረት ላይ ነጠላዋ ተንጠልጥሏል። «እማ፣ ይኸ መያዣ እኮ ነው!» ብላት፣ «አንት፣ ነጠላዬን መሬት ላስቀምጠው?» አለችኝ። ያን ቀኑን ምስማር ገዝቼ መጣሁ።