አንድ ቢሮ፣ ሁለት ሰው

ዛሬ ጅማ ውስጥ አንድ ቢሮ ጉዳይ ነበረኝ። ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደና ኮሪደሩ በባለጉዳይ ጢም አለ።

አንደኛው መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ሲስተም የለም፣ ነገ ኑ» ይላል። አጠገቡ ያለችው ልጅ ግን ሌላ ዓለም ላይ ነች። ነጠላቸው የበሰበሰ አንዲት እናት ወረቀታቸውን ከፌስታል አወጡ። እሷ ተቀብላ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ በሶፍት እየጠቀጠቀች አደረቀችው። በኦሮምኛ እያጫወተቻቸው «እርስዎ ይቀመጡ» ብላ ፊርማውን ለማስጨረስ ራሷ ፎቅ ወጣች። የሚገርመው ደግሞ እንዲህ ለሠራ ጭማሪ ደሞዝ የለም።

ጄምስ ፔሪ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ሰዎች ሕዝብን ለማገልገል ያላቸውን ተነሳሽነት የሚለካ መጠይቅ በ1996 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። መለኪያዎቹ አራት ናቸው፦ በፖሊሲ ሥራ መሳብ፣ ለሕዝብ ጥቅም መቆም፣ ርኅራኄና ራስን አሳልፎ መስጠት። ልጅቷ በርኅራኄው በኩል አንደኛ የምትወጣ ይመስለኛል። አንዳንድ ሰው ሲፈጥረው የሌላው ችግር ያንገበግበዋል።

ሁሉን ነገር በጠባይ ማሳበብ ግን አይዋጥልኝም። ሰውዬውም ሰነፍ አይደለም። ፋይሎቹ በቀለም ተለይተው ተደርድረዋል፣ ማኅተሙ አንድም ቦታ አልተንጋደደም። ሥራ ይወዳል፣ ሰው ነው የሚሰለቸው። እኔ አለቃው ብሆን ዛሬውኑ መዝገብ ቤት አስገባው ነበር።