ዝናብ እንደሚመጣ እያወቀ ቡና የሚያሰጣ አለ?

ይህን የጠየቀችኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር። እዚህ ጅማ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት እሑድ ከሰዓት ስለ ነጻ ፈቃድ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከወጣቶቹ አንዱ «እግዚአብሔር አዳም እንደሚበላ ካወቀ ዕፀ በለስን ለምን ተከለ?» አለ። እኔም ሁላችንም ስንሰማት ያደግናትን ምሳሌ ሰጠሁት፤ መምህር ሰነፉ ተማሪ እንደሚወድቅ ቀድሞ ቢያውቅ፣ ተማሪውን የጣለው የመምህሩ ማወቅ አይደለም። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ መምህሩ እኮ ተማሪውን አልፈጠረውም» አለች። ቤተሰቦቿ በአጋሮ መንገድ ቡና አላቸው። ቀጥላ ያንን የቡናውን ጥያቄ አመጣች።

መልስ አልነበረኝም፤ ያለኝ መስዬ ግን ተናገርኩ። «የእግዚአብሔር አሳብ ጥልቅ ነው፣ በእምነት እንቀበለዋለን» ብዬ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። ቃሉ እውነት ነው። እኔ ግን ለማምለጥ ነበር የተናገርኩት፤ እሷም ገብቷታል። ደብተሯን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። ያስተምረኝ የነበረው ሰው በጓደኞቼ ፊት «ይህ የሳጥናኤል ጥያቄ ነው» ብሎ አስቀመጠኝ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ቤተ ክርስቲያን አልረገጥኩም። እንዴት እንደተመለስኩ ሌላ ጊዜ እጽፈው ይሆናል። ያን ሌሊት ያስጨነቀኝ፣ ያቺ ልጅ ደብተሯን ስትዘጋ የራሴን ዘጠኝ ዓመት አንድ ብላ ስትጀምረው ማየቴ ነው።

ሳልዘጋጅ ቀርቼ አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ አንብቤያለሁ፤ ትምህርቱንም የጀመርኩት ከጲላግዮስና ከአውግስጢኖስ ክርክር ነው። ጲላግዮስ ከብሪታንያ መጥቶ ሮም ያስተምር የነበረ ባሕታዊ ሲሆን፣ የአዳም ውድቀት ለልጆቹ መጥፎ አርአያ እንጂ የሚወረስ ቁስል አይደለም፣ ሰው ከፈቀደ ትእዛዙን መፈጸም ይችላል ይል ነበር። የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ (354–430 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፈቃዳችን ራሱ ታሟል፣ ጸጋ ካልቀደመው ወደ መልካሙ አይነሣም አለ። በ418 እ.ኤ.አ. ካርቴጅ ላይ የተሰበሰቡት ጳጳሳት የጲላግዮስን ትምህርት አወገዙ። ይህን ሁሉ በሁለት እሑድ አስተማርኩ። ልጆቹ ሰው ቤት ገብቶ የባለቤቶቹን ክርክር እንደሚሰማ እንግዳ በትሕትና አዳመጡኝ። ከሁለቱ ሳምንት የቀረላቸው አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ አውግስጢኖስ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር የጎረቤት ፍሬ መስረቁ፣ እቤቱ የተሻለ እያለው መስረቁ፣ አብዛኛውንም ለአሳማ መጣሉ። «ታዲያ ለምን ሰረቀ?» ብለው ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ዛሬ ብጀምር ከዚያች ፍሬ ነበር የምጀምረው።

በማግሥቱ ሰኞ ከሥራ ስወጣ ከከተማው ወጣ ብለው ወደሚኖሩ አንድ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። የልጅቷን ጥያቄ ነገርኳቸው፤ የራሴንም የድሮውን ነገር ጨመርኩበት። የቡናውን ነገር ዝም ብለው አለፉትና ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ወደሚናገረው መጽሐፍ፣ ወደ አክሲማሮስ መለሱኝ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። እግዚአብሔር መላእክትን በመጀመሪያው ቀን ፈጠረና ተሰወራቸው።

«ጨለማ ውስጥ ሆነው መጀመሪያ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሳጥናኤል ‹እኔ ፈጠርኳችሁ› አለ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«‹ማን ፈጠረን?› ተባባሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም፣ የኔታ።»

«ገብርኤልስ አብሯቸው አልነበረም?»

«ነበረ።»

«እንግዲህ ጥያቄው የማን ነው?» አሉና እሳቱን ቆሰቆሱ።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ጥያቄው የሁሉም መሆኑ ግን አንድም ቀን አልታየኝም ነበር። መላእክት ሁሉ ጠየቁ፤ መጠየቃቸውም አልተነቀፈባቸውም። ፈጣሪ የተሰወረው ራሱ ነው፤ ተመራምረው ያገኙት ዘንድ ጊዜ ሰጣቸው። ሳጥናኤል ከሁሉ በላይ ሆኖ ወደ ላይ ቢያይ ማንንም አላየም፤ ስላላየም የለም አለ፤ ክፍት የነበረውን የመልስ ቦታ በራሱ ሞላው። አንዳንዶቹ አመኑት፣ አንዳንዶቹ አመነቱ። ገብርኤል መልሱን ገና አላወቀም ነበር። «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አለ፤ አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ ባለንበት ጸንተን እንቁም። ሁለቱም በአንድ ጨለማ ውስጥ ናቸው፤ የሚያውቁትም እኩል ነው። የለያቸው ፈቃዳቸው ነው።

ከየኔታ ቤት ስወጣ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ልጅቷ «አልገባኝም» ብላ ከመላእክቱ ጋር ቆማ ነበር። የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት በሁሉም ፊት «ባለፈው የነገርኩሽ መልስ አልነበረም። ጥያቄሽ ትክክል ነው፣ መልሱን ገና አላገኘሁትም፤ አብረን እንፈልገው» አልኳት። ምንም አላለችም፤ ደብተሯን ግን ከፈተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። ከዚህ በፊት አፋቸውን ያልከፈቱ ልጆች መጠየቅ ጀመሩ፤ የአንዳንዶቹን ጥያቄ እዚህ ለመጻፍ እንኳ ይከብደኛል፣ ከቤታቸው ኀዘን የመጣ ስለሆነ።

ያወጣሁትን ዕቅድ ትቼ ቀሪዎቹን ሳምንታት ከእጃችን ባሉት መጻሕፍት ላይ አደረግኩ። ልጆቹን የሚያስጨንቀው «ማወቅ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚለው ነበር። ይህ ጥያቄ በእነሱ ዕድሜ ቀላል አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ፊዚክስና ባዮሎጂ ተምረው እሑድ ሲመጡ ሔዋን የወደቀችው ዕውቀት ፈልጋ ነው ሲባሉ፣ ሁለት ልብ ይዘው ይሄዳሉ።

መጽሐፈ ኩፋሌን ከፈትን። አዳምና ሔዋን ሰባት ዓመት በገነት ኖሩ ይላል፤ መላእክትም እርሻን አስተማሩት። ዘፍጥረት 2 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር እንስሳቱን ወደ አዳም አምጥቶ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ያይ ነበር። እንዲህ ያለ አምላክ ዕውቀትን አይፈራም። ከዚያ ወደ መጽሐፈ ሄኖክ ሄድን። ሁለት መቶ መላእክት ወርደው፣ አዛዝኤል ሰይፍና ጩቤ መሥራትን፣ ጌጥንና ዓይን መኳልን አስተማረ። እዚያም መላእክት አስተማሩ፣ እዚህም መላእክት አስተማሩ። አንዱ ልጅ «ልዩነቱ ማን ላካቸው ነው» አለ። ከዚህ የተሻለ ልናገር አልችልም።

በዚሁ መጽሐፍ ምዕራፍ 6 ላይ ግን ረጅም ጊዜ ቆየን። መላእክቱ ወርደው የሰውን ልጆች ሚስት ሊያደርጉ ሲመክሩ፣ አለቃቸው ሰምያዛ፣ እናንተ አሳባችሁን ትለውጡና ዕዳው በእኔ ላይ ብቻ ይቀራል ብሎ ፈራ። እነሱም አሳባችንን እንዳንለውጥ እንማማል ብለው በመሐላ ተሳሰሩ። ይህን ሲያነቡ ክፍሉ ጸጥ አለ። ነጻ ሆነው የተፈጠሩ መላእክት፣ በነጻነታቸው መጀመሪያ ያደረጉት መመለሻውን መዝጋት ነው! ከልጆቹ መካከል ጓደኛ ይታዘበኛል ብሎ የማይወደውን ሲያደርግ የከረመ ነበረ። ከትምህርቱ በኋላ ቀርቶ አነጋገረኝ።

ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ (ያረፈው በ373 እ.ኤ.አ. ነው) በዘፍጥረት ትርጓሜው፣ አዳምና ሔዋን ትእዛዙን ጠብቀው ቢሆን ኖሮ ከሕይወት ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከዕውቀቱም ዛፍ እንደሚሰጣቸው ያስተምራል። የሊዮን ጳጳስ የነበረው ሄሬኔዎስም በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለቱን ገና ማደግ እንደሚቀራቸው ሕፃናት አድርጎ ነበር የሚያያቸው። ስለዚህ እባቡ የሸጠላቸው፣ አባታቸው በጊዜው ሊሰጣቸው ያዘጋጀውን ነው። ጅማ ላደገ ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ሳይቀላ የተለቀመ ቡናም ከዚያው ዛፍ ነው።

አንድ ቀን ስለዚህ ነገር ከሙስሊም ጎረቤቴ ጋር ቡና ላይ ስንጫወት፣ በቁርኣን ኢብሊስ ለአዳም አልሰግድም ሲል «እኔን ከእሳት፣ እርሱን ከጭቃ ፈጠርከው» እንዳለ ነገረኝ። እየተናገረ ያለው ከማን ጋር እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው። በእኛም ያዕቆብ «አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል» ብሏል። በጨለማ ያመፀ አለ፤ በብርሃን ያመፀም አለ። ዕውቀት ሲጨመር ዐመፅ ይቀራል ብዬ አስብ ከነበረው አሳብ የተላቀቅኩት ያን ቀን ነው።

ኅዳር ላይ የልጅቷ እናት ቤታቸው ጠሩኝ። ከቤቱ ጀርባ ከእንጨትና ከሽቦ የተሠሩ ሁለት ረጃጅም የማድረቂያ አልጋዎች አሉ፤ ቡናው ላያቸው ላይ ተሰጥቷል፤ ግማሹ ገና ቀይ ነው፣ ግማሹ ጠቁሮ ተጨማዷል። እናትየው በመዳፋቸው እያገላበጡ የተበላሸውን ይለቅማሉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ ሁሉም ከያለበት ሮጦ መጣ። በአልጋው ራስጌ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ላስቲክ ዘረጉትና ጫፍና ጫፉን በድንጋይ አስያዙት። እኔም አንዱን ጥግ ያዝኩ።

ዝናቡ ላስቲኩን ሲመታው እናትየውን «ዝናብ እንዳለ እያወቃችሁ ለምን ታሰጡታላችሁ?» አልኳቸው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ ይሻግት እንዴ? ካልተሰጣ መች ቡና ይሆናል!» አሉ።

«ላስቲኩን መቼ ገዛችሁት?»

«ቡናው ሳይለቀም ነዋ!»

በሚቀጥለው እሑድ 1ኛ ጴጥሮስ 1:20ን አነበብን፤ ክርስቶስ ዓለም ሳይፈጠር አስቀድሞ እንደታወቀ የሚናገረውን። ፈጣሪ ሰውን በራሱ ፈቃድ ሲያኖረው ዝናቡን ያውቅ ነበር፤ መድኃኒቱንም ከዝናቡ በፊት ያውቀው ነበር። ሲራክ 15 «እሳትንና ውሃን በፊትህ አኖረ» ሲል፣ እጁን ወደወደደው የሚዘረጋ ፍጥረት ያለዚህ እንደማይኖር ገባን። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ይህን ግዕዛን እንለዋለን፤ ግዕዛን ያላቸው ስንልም ሰውንና መላእክትን፣ የሚያውቀውንና የሚመርጠውን ፍጥረት ማለታችን ነው። የሰኞ ውዳሴ ማርያም ሲጀምር «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ኅዙነ ወትኩዘ ልብ» ይላል፤ ጌታ ልቡ ያዘነና የተከዘ አዳምን ነጻ ያወጣው ዘንድ ፈቀደ። ያግዕዞ የሚለው ቃል ከግዕዛን ጋር አንድ ሥር ነው፤ ፈቀደ ደግሞ ከፈቃድ። ልጆቹ ይህን ጸሎት በቃላቸው ይሉታል። የአዳም ፈቃድ የሰበረውን የጌታ ፈቃድ እንደጠገነው በየሰኞው ሲናገሩ መኖራቸውን ሲያውቁ፣ አንዷ እንባዋ መጣ። እኔም ድምፄን ለማስተካከል ጥቂት ቆምኩ።

የቡናው ምሳሌ ሁሉን ነገር እንደማይሸፍን ያሳየችኝ ራሷ ናት። «ከአልጋው ወድቆ የረጠበውስ?» አለች። «አላውቅም፤ እናትሽ ግን ዝናቡ ሲያባራ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ሲለቅሙት አይቻለሁ» አልኳት። እዚያው ተውነው።

ዘንድሮ ትምህርቱን ስደግመው ቅደም ተከተሉን ቀይሬዋለሁ። የመጀመሪያው እሑድ የልጆቹ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይጽፋሉ፣ እኔ አልመልስም። ሁለተኛው የመላእክት ጨለማ ነው። አውግስጢኖስና ጲላግዮስ የሚመጡት ወደ መጨረሻው ነው፤ ያኔ ልጆቹ የራሳቸውን ቃል ስለሚይዙ ይከራከሯቸዋል። ያልገባኝን ነገር ሰሌዳው ጥግ ላይ እጽፈዋለሁ፣ እስክንመለስበትም አይጠፋም።

ልጅቷ አሁን ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ባለፈው ሳምንት በስልኬ መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ይሁዳስ? እንደሚክደው አውቆ ለምን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር መረጠው?» ይላል። ማቴዎስ 26ን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰኞ የኔታ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እሷም እስከዚያ የራሷን አሳብ እንድትጽፍልኝ ነግሬያታለሁ።