የደገምኳቸው ራጆች ማስታወሻ፦ ከአንድ የሐረር ተማሪ

በሐረር የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል መውጣት ከጀመርንበት ቀን አንሥቶ በአንዲት ትንሽ ደብተር አንድ ነገር ብቻ ስመዘግብ ቆይቻለሁ፤ እርሱም በእኔ ጥፋት የተደገመ እያንዳንዱ ራጅና የተደገመበት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ምስል ሲበላሽ ታካሚው የተቀበለው ጨረር ከንቱ ስለሚቀር፣ ቢያንስ ምክንያቱን ማወቅ አለብኝ ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ደብተሩ በኪሎቮልት (የጨረሩ ኃይል) እና በሚሊአምፔር ሰከንድ (የጨረሩ መጠን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በጊዜው ሲባዛ) አመራረጥ ስሕተት ይሞላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በክፍል ውስጥ እንቅልፍ የነሣን እርሱ ነውና። ከመጀመሪያዎቹ 14 ድጋሚዎች ግን 9ኙ ከትንፋሽ ወይም ከእንቅስቃሴ የመጡ ሆነው ተገኙ። ማሽኑን ያላግባብ ያዘዝኩባቸው 2 ብቻ ነበሩ።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ የደረት ራጅ ነው። ታካሚው መቆም ከቻለ ደረቱን ምስሉን ከሚቀበለው ሰሌዳ፣ ከካሴቱ፣ ጋር አጣብቆ ይቆማል፤ ጨረሩ የሚወጣበት ቱቦ ከጀርባው በ180 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ይሆናል። ልብ ወደ ደረት ፊት ያዘነበለ በመሆኑ ይህ አቋቋም ወደ ካሴቱ ያስጠጋዋል፤ ርቀቱም ጥላው ከልኩ በላይ እንዳይገዝፍ ያግዛል። አየር በሚገባ ከተሳበ ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ፣ ከዲያፍራም፣ በላይ 10 ያህል የኋላ ጎድን አጥንቶች ይቆጠራሉ። ይህን ሁሉ በቃሌ እያወቅሁ፣ አንዲት አረጋዊት እናትን «እማማ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» ብዬ ወደ መቆጣጠሪያው ሮጥኩ። እርሳቸውም እንደታዘዙት ያዙ፤ የያዙት ግን አየር ያልሳበ ሳንባ ነበር። ምስሉ ሲወጣ የቆጠርኩት 7 ጎድን ብቻ ሲሆን፣ ልባቸው ያበጠ፣ የሳንባቸው ግርጌም ጭጋግ የለበሰ መሰለ። የሚቆጣጠረኝ ባለሙያ ምስሉን አይቶ «ልባቸው ነው የሰፋው ወይስ አንተ አየር አላስሳብካቸውም?» አለኝ። መልሱ ግልጽ ነበር።

ከዚያ በኋላ የትንፋሽ ትእዛዜን እንደ አንድ የትምህርት ክፍል ወስጄ ማጥናት ጀመርኩ። ያደግሁት ድሬዳዋ ስለሆነ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አይጠፉኝም፤ ችግሩ ሁለቱንም የለቀምኳቸው ከቀፊራ ገበያና ከሰፈር ልጆች መሆኑ ነው። አንድ ሽማግሌን በኦሮምኛ እንደ እኩያዬ «ቀበዹ» (ያዝ) ብዬ ካፈርኩ ወዲህ፣ «ሀፉራ ፉዸዻ» (አየር ይሳቡ) ብዬ አየር ሲስቡ ጀርባቸው ሲሰፋ በዓይኔ ጠብቄ፣ በሁለተኛው ስበት ላይ «ቀበዻ» (ይያዙ) እላለሁ። ለሶማሊኛ ተናጋሪዎች «ሃ ዸቃቂን»፣ ማለትም አትንቀሳቀስ፣ የምትለዋ ቃል ብዙ አድናኛለች። ቋንቋ ሁሉ ሲያልቅብኝ ራሴ ፊታቸው ቆሜ አየር ስቤ አሳያለሁ፤ ሰዎች ይስቃሉ፣ ግን ይገባቸዋል።

ትንፋሽ መያዝ የማይችል ታካሚ ሲመጣ ደግሞ በክፍል ውስጥ ያስጨነቀን ስሌት ጥቅሙ ታየኝ። ኪሎቮልቱን በ15 በመቶ ከፍ ብናደርግ ሚሊአምፔር ሰከንዱን በግማሽ መቀነስ ይቻላል። ለምሳሌ 80 የነበረው ወደ 92 ሲወጣ፣ ሚሊአምፔሩን ሳንነካ ጊዜውን በግማሽ ማሳጠር ስለምንችል፣ የሚያቃስቱ አዛውንት ወይም የሚያለቅስ ሕፃን ለመንቀሳቀስ የሚያገኘው ጊዜ ያንሳል። ዋጋው የምስሉ ንጽጽር፣ ማለትም የጥቁሩና የነጩ ልዩነት፣ በጥቂቱ መደብዘዙ ነው፤ እኔ ከመድገም እርሱን እመርጣለሁ።

ቀሪዎቹ 3 ድጋሚዎች ሳላስወልቅ ካለፍኳቸው ነገሮች የመጡ ናቸው። አንገት ላይ የቀረ የብር ጌጥና በብረት የታሸገ ክታብ ጥላቸውን ጥለዋል፤ የተጎነጎነ ወፍራም ጸጉር ደግሞ የሳንባ ጫፍ ላይ ወርዶ በሽታ መስሎኝ ነበር። ክታብ ማስወለቅ በጥንቃቄ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ ለባለቤቱ እጅ ሰጥቼ «ይዘውት ይቆዩ፣ ከደረትዎ ብቻ ይራቅ» ስል ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። በእጅ ራጅ ላይ ሂና ቢኖርም ምንም እንደማይታይ ያወቅሁትም እዚሁ ነው፤ ቀለበቱን ግን ማውለቅ ግድ ነው።

በሚቀጥለው ወር የእጅ አንጓን አቀማመጦች እጀምራለሁ፤ በተለይ ስካፎይድ የተባለው የእጅ አንጓ ትንሽ አጥንት ስብራት በመጀመሪያው ቀን ምስል ላይ ሊደበቅ ስለሚችል፣ እጁን ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ አዘንብሎ ማንሣትን ደጋግሜ እለማመዳለሁ። እስከዚያው አንድ ጉድለት አለብኝ፦ ከጁገል ውስጥ የሚመጡ እናቶችን በሐረሪ ቋንቋ «አየር ይሳቡና ይያዙ» በአክብሮት እንዴት እንደሚባል የምታውቁ ብትጽፉልኝ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አሰፍረዋለሁ።