ታንኩ ውስጥ ሰው አለ? በድሮ ስትራቴጂ ጌሞች ላይ ያደረግሁት ፍተሻ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ አብረውኝ ከሚጫወቱ ጓደኞቼ ጋር የጀመርነው የድሮ ስትራቴጂ ጌሞች ጥናት በዚህ ሰሞን አንድ ጥያቄ ላይ አድርሶናል፤ እሱም የምናዛቸው ታንኮች ውስጥ ሰው ይኖራል ወይስ ራሳቸውን የሚነዱ ማሽኖች ናቸው የሚል ነው። እኔ የመረጥሁት መንገድ የጌሙን መግቢያ ታሪክ ትቶ ደንቡን መፈተሽ ነው፤ ታሪኩ ያሻውን ሊል ይችላል፣ ደንቡ ግን በየጨዋታው በተግባር ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው፣ ሰዎች፣ ዜርግ የተባሉ ነፍሳት መሰል ፍጥረታትና ፕሮቶስ የተባሉ ባዕዳን የሚዋጉበት ስታርክራፍት የተባለው ጌም ለዚህ ፍተሻ እጅግ የተመቸ ነው። ኩዊን የተባለችው የዜርግ በራሪ ፍጥረት ብሩድሊንግ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ ተኩሳ ሲጅ ታንክ የተባለውን የሰዎቹን ታንክ በአንድ ምት ታጠፋለች፤ ፕሮብና ሪቨር የተባሉትን የፕሮቶስ ማሽኖች ግን ፈጽሞ አትነካቸውም፣ ምክንያቱም ጌሙ ሁለቱን ሮቦት ብሎ መድቧቸዋል። ከዚህ የምረዳው ታንኩ ለጥገኛው ተውሳክ ማደሪያ የሚሆን ሥጋ በውስጡ እንዳለ ነው። ኤስሲቪ የተባለው የሥራ ማሽንም ቢሆን ብረት ለብሶ ሳለ ሜዲክ በተባለችው የሕክምና ወታደር ይታከማል፣ ነጂው ሰው ነውና።

በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ታንከኛ ስክሪኑን ጥቂት ካዩ በኋላ፣ ሲጅ ታንኩን ስመርጥ የሚወጣውን አንድ ፊት እያመለከቱ «ብቻውን ነው እንዴ? ታዲያ ማን ያጎርስለታል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ቲ-55 አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽና ነጂ ያሉት የ4 ሰው ታንክ ሲሆን፣ ቲ-72 ጥይቱን በማሽን ስለሚያጎርስ ምድብተኞቹ 3 ናቸው። ስለዚህ የወደፊቱ ታንክ በአንድ ሰው ቢታዘዝ የሚያስገርም አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ጄኔራልስ የተባለ ጌም ውስጥ ጃርመን ኬል የተባለው አነጣጣሪ ሹፌሩን ብቻ ገድሎ ተሽከርካሪውን ባዶ ያስቀረዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀድሞ የደረሰ እግረኛ ይገባበትና የራሱ ወገን ያደርገዋል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ ትርፍ ድካም ነው። ሱፕሪም ኮማንደር በተባለው ጌም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሰው ያለው በአዛዡ ግዙፍ ማሽን ውስጥ ነው፣ የተቀረው ሠራዊት ሮቦት ነው።

ለጨዋታ ስልት በጣም የጠቀመኝ ሬድ አለርት 2 የተባለው ጌም ተጨማሪ ክፍል፣ ዩሪስ ሪቬንጅ ነው። ዩሪ የተባለው የጌሙ ተዋጊ የምድብተኞችን አእምሮ ተቆጣጥሮ ታንኩን ከነሰዎቹ ይወስዳል፤ ሰው አልባው ሮቦት ታንክ ግን የሚማረክ አእምሮ የለውም። በምትኩ ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ማዕከሉ ሲፈርስ ወይም ኃይል ሲያንሰው ባለበት ይቆማል። በመሆኑም ዩሪን ስገጥም ሮቦት ታንክ ከማብዛቴ በፊት የኃይል ማመንጫዎቼን ከጠላት ጥቃት የሚከላከል ኃይል አሰፍራለሁ።